ውሃ ልክ

በዱይስቡርግ ወደብ፣ በሩሮርት ሰፈር፣
ራይን አጥንቱ ወጥቶ በጠጠር ላይ ሲያድር፣
አሥራ አንድ ሆነን ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፤
ቢጫ ወረቀት ይዘን ነገን ልንስል መጣን።

እኔ ሒሳብ ሹም ነኝ፣ ሙያዬ ትናንት ነው፤
ስንት ቶን ተጫነ፣ ስንት ተራገፈ፣ ጉድለቱ የት ነው?
ነገ ደረሰኝ የለው፣ ማኅተም አይመታ፣
በምን ዓምድ ላስገባው ያልተበላ ዕዳ፣ ያልቀረበ ገበታ?

ከዩትሬክት የመጣች፣ ዶርቸ የምትባል
(እርሳስ ከጆሮዋ ጀርባ እንደ አናጢ ይታያል)
በነጩ ሰሌዳ ሁለት መስመር ጣለች፤
አንዱን ‘ውሃ’ ብላ፣ አንዱን ‘ከሰል’ አለች።
ወንዙ ይሙላ? ወይስ ካሁን ብሶ ይክሳ?
ማቅለጫው ከሰል ይሻ? ወይስ ስሙን ይርሳ?
መስመር ሲተላለፍ አራት ጓዳ ወጣ፤
በያንዳንዱ ጓዳ አንዳንድ ነገ መጣ።
ሳይፀነሱ ገና ስም አወጣንላቸው፦
‘ድልብ ዓመት’፣ ‘ባዶ ሆድ’፣ ‘የጠጠር ዘመን’፤ አራተኛው
ስም ጠፋለት፤ ‘እንግዳው’ ብለን ተውነው።
ግድግዳው ቢጫ ሽፍታ ወጣበት እስከ ጣሪያው፤
መስኮት ብንከፍት የወንዙ ነፋስ
ሦስቱን ነቅሎ ወሰደብን፣ እያየናቸው።

ኸር ቴርሆርስት ጠረጴዛ መታ፣ የሽያጭ አለቃችን፦
‘አራቱን ምን ላርግ? የሚመጣው የቱ ነው? ቁረጪልን።’
‘ጠንቋይ ቤት ተሳስተሃል’ አለች ሳትቆጣ፣
‘እኔ የምጠይቅህ፦ የትኛውም ቢመጣ፣
ቆመህ ያገኝሃል? ወይስ ሱሪህን ስትፈልግ?’
ሳቅን። የሱ ከንፈር እንኳ አላለም ፈገግ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ይል ነበር አባቴ፤
በጀርመንኛ ልለው ፈለግሁ፤ አልገዛ አለ አንደበቴ።

በማግሥቱ ‘ውረዱ’ አለች፣ ‘ከፎቅ ላይ ሰው ያንሳል፤
ከሠንጠረዡ ይልቅ ቤቱ ሄዶ መስማት ይሻላል።’
ጌዚነ ባለ መርከብ ናት፣ ባልቴት፣ ስድሳ ሁለት ዓመቷ፤
ተቀበለችን በጠባቧ ኩሽና፣ ከመሪው ሥር ቤቷ።
ለእሷ ያሰብንላት አንድ የስልክ አፕ ነበር፣
ጭነት የሚቆጥር፣ ዋጋ የሚናገር።
አየችው። መለሰችው። ሽንኩርት መላጥ ቀጠለች።
‘ይኸን እዩ’ ብላ በሩን አመለከተች።

በግራው መቃን ላይ፣ በእርሳስ፣ የልጆቿ ቁመት፤
በቀኙ የራይን ዝቅታ፣ በየዓመት በየዓመት።
ልጆቹ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደ ታች፤
እሷ በሁለቱ መሀል በየቀኑ ታልፋለች።

‘ምን ይጎድልሻል?’ አልናት፣ በሥልጠና እንደተነገረን።
‘ውሃ’ አለች። ቢላዋዋን አስቀመጠች። አየችን።
‘እሱን ካልቻላችሁ፣
ግማሽ ጭኖ የማያስርበኝ መርከብ ሥሩልኝ።’

ማታውን ከፒዛ ካርቶን መርከብ ቆረጥን፣ በማጣበቂያ፤
የጽዳት ባልዲ ራይን ሆነ፣ ሳንቲም ጭነት፣ ጣቴ መለኪያ።
የመጀመሪያው ሰጠመ። ሁለተኛው ተገለበጠ።
ሦስተኛውን ኢልካይ፣ በያጁ፣ ሆዱን አስፍቶ ቆረጠ፤
ሁለት ጣት ውሃ ላይ አርባ ሳንቲም ተሸክሞ ቆመ።
ቴርሆርስት ጎንበስ አለ፤ አንድ ሳንቲም ጨመረ፤ ደገመ።

ስድስት ትልልቅ ሊታዘዝ ነበር፤ ሁለት ጠፍጣፋ ታዘዘ፤
የቀረው ገንዘብ ‘ለእንግዳው’ ተብሎ ተያዘ።

በጥቅምት ዝናቡ ወረደ። ራይን ሞላ፣ ደረጃውን ዋጠ።
ቴርሆርስት ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞሮ አፈጠጠ፦
‘ጠጠሩስ?’ አለ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው።
አሳስቆ መውሰድ ግን የውሃ የዱሮ ጠባዩ ነው።

ማታ መዝገቤን ገለጥኩ። ከሁሉ ዓምድ በስተቀኝ
አዲስ መስመር አሰመርኩ፣ በእርሳስ፣ ማንም ሳያየኝ።
አርዕስቱን ምን ልበለው? ጻፍኩ፤ ሠረዝኩ፤
የጌዚነን የበር መቃን፣ የጎደለውን ቀኙን አሰብኩ።
‘ውሃ ልክ’ አልኩት በመጨረሻ። የውሃውን ልክ ይሁን፣
ወይስ ውሃው የሚነግረንን የኛን፣ አልለየሁም እስካሁን።